ሀቢሶን ዳቬይተን ያስመጣችው ኤርጎጌ

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ያለው ዳቬይተን ሰፈር ገብታችሁ «ማማ ኤርጎ ወዴት ናት?» ብትሉ፣ ያገኛችሁት ሰው ሁሉ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። ኤርጎጌ የሚለው ስም ለሰፈሩ ሰው ስለከበደው አሳጥረውት ነው። ጎጎ ታንዲ የሚባሉ አሮጊት ጋራዥ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆና፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማና የስልክ ካርድ ትሸጣለች። እዚህ ሀገር ስፓዛ የሚሏት ዓይነት የሰፈር ሱቅ ናት። ከጋራዡ ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይታ ትኖርባቸዋለች። ጓደኛዬ ናት። ይኼን የምናገረው አፌን ሞልቼ ነው። ሰው በሀብታም ዘመዱ ይኮራ የለ? እኔ ደግሞ በኤርጎጌ እኮራለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

እኔ ሰርክአዲስ እባላለሁ፣ የኮልፌ ልጅ ነኝ። ከተማው መሐል፣ ሂልብሮው ፎቅ ላይ እየኖርኩ ጄፒ መንገድ ላይ የሴት ልብስ እሸጣለሁ። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለሆነ፣ ሐኪም ቤት ጉዳይ ያለበት፣ ፍርድ ቤት የተጠራ፣ ወረቀቱ የተበላሸበት የሀገሬ ሰው ሁሉ «ሰርኬ፣ በሞቴ ነይ አስተርጉሚልኝ» እያለ ይጎትተኛል። እምቢ አልልም። ግን አፌን ዘግቼም አላስተረጉም፤ እቆጣለሁ፣ እሳደባለሁ፣ ከዚያ አስተረጉማለሁ።

ኤርጎጌንም ያወቅኋት እንደዚያው ነው። ባሏ ዱባለ ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ በነበረ ጊዜ ነው። ዱባለ አልተረፈም። ያኔ ሰዉ ሁሉ «በቃ ሆሳዕና ግቢ፣ ብቻሽን እዚህ ምን ልትሆኚ?» አላት። እሷ ግን «ደንበኞቼን ለማን ትቼ?» ብላ ሐዘኑ ሳይወጣላት መስኮቷን ከፈተች። ዙሉኛውን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችውም፤ ከዳቦ ገዢ ጋር ስትነታረክ ለመደችው። አንድ ጎረምሳ ሰክሮ መጥቶ ፍርግርጉን ሲደበድብባት አይቻለሁ። ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ «እናትህን አውቃታለሁ፣ አሁን ልጥራት?» አለችው በዙሉኛ። ኩም ብሎ ሄደ። በማግስቱ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ ዳቦ ገዛ፤ እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ መልሱን ቆጥራ ሰጠችው።

አሁን ስለ ሀቢሶ ልንገራችሁ። እሱ ከምባታ ነው፣ እሷ ሀዲያ፤ የሥጋ ዝምድና የላቸውም። የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ ሁለቱም የተዋሱት ቋንቋ ነው። ከጅምላ መደብር እያወጣ በትንሽ የጭነት መኪና ለሱቆቹ ዕቃ የሚያከፋፍል፣ ከአንገቱ ቀና የማይል ዝምተኛ ልጅ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ መባቻ፣ ኮሮናው ለሁለተኛ ጊዜ ሲበረታ፣ ኢስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር ያለች አንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው እህት ሞተች። ቀብር ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ መቆም አይቻልም ነበርና ከጆሃንስበርግ ወገን የተመረጠችው ኤርጎጌ ነበረች፤ ሹፌሩ ሀቢሶ ነው።

ሲመለሱ መሸባቸው። ሰዓት እላፊው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ፖሊስ ጣቢያ ያድራል። ልጁ ሰዓት እላፊውን ልቅደም ብሎ ነዳጁን ረገጠው። ከክፍለ ሀገሩ ሳይወጡ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ መኪናዋ ተገለበጠች። ሀቢሶ ግንባሩ ተጫጭሮ ወጣ። የኤርጎጌ ግራ እግር ግን ከጉልበቷ በታች እንዳልነበረ ሆነ። መንጃ ፈቃዱም ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጉዱን ተመልከቱ!

ሀቢሶ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» አለ፤ አንዲት ቃል አልተከራከረም። ዳኛው እስር ቤት አልላኩትም። ሦስት ዓመት በክትትል ሥር ሆኖ ቅጣቱን ከውጭ እንዲፈጽም ፈረዱበት፤ ከሥራ ሰዓት በስተቀር ከቤት አይወጣም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒክ ያጸዳል፣ የክትትል ሠራተኛ በፈለገው ሰዓት መጥቶ በሩን ያንኳኳል፣ ፍርድ ቤቱ ካለባት ከተማ ወረዳ ውጭ እግሩን አያነሳም። ማደሪያ የሰጠው አጵሎስ የሚባል፣ እዚያው ከተማ ሱቅ ያለው የሀገሩ ልጅ ነበር።

ኤርጎጌ ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ነበረች። እግሯን ቀድደው፣ አጥንቱን ገጣጥመው፣ ብረት አግብተው ወደ ቤቷ ላኳት። ስለ ሀቢሶ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። «ይበስብስ!» ያለችበትን ቀን አልረሳም። እኔም ደግ አደረግሽ ብያታለሁ፤ እውነቴን ነው፣ እኔ ብሆን ከዚያም የባሰ እል ነበር።

ክረምቱ ሲያልቅ አጵሎስ ደወለ። ሱቁ አላዋጣ ብሎት ቤቱን ለአከራዩ ሊመልስ፣ ኬፕታውን ሊገባ ነው። ሀቢሶ ማደሪያ የለውም ማለት ነው። የታወቀ አድራሻ የሌለው ፍርደኛ ደግሞ በክትትል ሥር መቆየት አይችልም፤ የቀረውን ጊዜ እስር ቤት ይጨርሳል። መዳኛው አንድ ነበር፤ ጉዳዩ ከኢስተርን ኬፕ እኛ ወዳለንበት ወደ ጋውቴንግ ክፍለ ሀገር እንዲዛወር፣ ለዚያም እዚህ «እኔ ጋ ይኑር፣ እኔ እቀበለዋለሁ» የሚል ባለ ቤት ማግኘት። ያ ሰው ከተገኘ የእዚህኛው የክትትል ቢሮ መጥቶ ቤቱን ያያል፣ ተስማምቶ ለወዲያኛው ቢሮ ይጽፋል፣ ልጁም ይመጣል።

ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ሂልብሮው የሚኖሩት ጎረምሶች አንድ ክፍል ለስድስት ነው የሚተኙት፤ ቢሮው አይቀበለውም። ሱቅ ውስጥ የሚያድሩትም እንደዚያው፣ ሱቅ ቤት አይባልም። ደህና ቤት ያላቸው ደግሞ የመንግሥት መኪና በራቸው ላይ እንዲቆም አይፈልጉም። ግማሹ የራሱ ወረቀት ቀኑ ያለፈበት ነው፣ ማን ደፍሮ ፖሊስ መሳይ ሰው ወደ ደጁ ይጠራል?

የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ማናሴ ነገሩን እሑድ ለጉባኤው አቀረቡት። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፣ እነሱ ጋ አልሄድም፤ ነገር ግን ክራንቿን የሚይዝላት ስላልነበረ ያን ዕለት አብሬያት ከኋላ ተቀምጫለሁ። ወንበሩ ተራርቆ፣ ሁሉም አፉን ሸፍኖ ተቀምጧል። «ከእናንተ መካከል ይኼን ልጅ የሚቀበል ማን ነው?» አሉ ጋሽ ማናሴ። ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር ፈለገች። ጋሽ ማናሴ ደግመው ጠየቁ።

«እኔ ጋ ይምጣ» የሚል ድምፅ ከአጠገቤ ሰማሁ።

ክው አልኩ። ኤርጎጌ ናት። ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን አይቶ፣ ከዚያ እግሯን አየ።

ታክሲ ውስጥ «አብደሻል?» ብዬ ጮህኩባት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ፤ ይዙር። «የሰበረሽን ሰው ቤትሽ ልታስገቢ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ጫማውን ነው ያየው» አለችኝ። «ቆይ ሰርኬ፣ እሱ እስር ቤት ቢገባ የእኔ እግር ይቃናል?»

«አይቃናም!»

«ታዲያ? ደግሞ ጻድቅ አታድርጊኝ። ዕቃ የሚያወርድልኝ ሰው እፈልጋለሁ። በአንድ እግሬ የዱቄት ኩንታል ልሸከም?»

ተሸነፍኩና የሁለታችንንም የታክሲ ሒሳብ ከፈልኩ። አልፎ አልፎ ይኼ በእኔም ላይ ይደርሳል።

በነሱ ደንብ ግን ያለ እርቅ አንድ ጣራ ሥር መኖር አይቻልም። በዳይና ተበዳይ ሽማግሌ ፊት ቀርበው፣ ከአንድ እንጀራ ወይ ከአንድ ዳቦ ቆርሰው ካልቀመሱ፣ ቤቱ ቤት አይሆንም። ልጁ ደግሞ ከወረዳው መውጣት አይችልም። ምን ይደረግ? ጋሽ ማናሴ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ኤርጎጌ ቤት መጡ። ስልኩን ከዘይት ጠርሙስ ጋር አስደግፈን አቆምነውና በቪዲዮ ደወልን። ወዲያ ማዶ አጵሎስ ስልኩን ይዟል፣ ሀቢሶ ተንበርክኳል። የሚታየን ጸጉሩ ብቻ ነው።

«ቀና በል» አለችው ኤርጎጌ። «የማናግረው ጸጉርህን አይደለም።»

ቀና አለ። አለቀሰ። ይቅር በይኝ አላት፣ ይቅር ብዬሃለሁ አለችው። እዚያ አጵሎስ ቆርሶ አጎረሰው፣ እዚህ ጋሽ ማናሴ ለሷ ቆርሰው ሰጧት፣ እኩል ጎረሱ። ጋሽ ማናሴ ሁለቱንም መርቀው ስልኩ ተዘጋ። እዚህ ያለነው ግን ማናችንም የሠራነውን አላወቅንም።

የክትትል ሠራተኛዋ የመጣች ቀን ኤርጎጌ ቤቱን እንደ ሠርግ ቤት አጽድታዋለች። ወጣት ናት፣ የመንግሥት መኪና ይዛ፣ ጭንብሏን እስከ ዓይኗ ስባ ገባች። ሀቢሶ የሚያድርባትን ክፍል አየች። ባለ ቤቷን ጎጎ ታንዲን አነጋገረች፤ እሳቸውም «ማማ ኤርጎ ያመጣችውን ሰው እኔ ለምን እከለክላለሁ?» አሏት። ልጅቷ ደስ ብሏት ሁሉንም ጻፈች። ልትነሳ ስትል «ለመሆኑ ልጁን በምን ታውቂዋለሽ?» ብላ ኤርጎጌን ጠየቀቻት።

ኤርጎጌ ፊቷ በራ። ይኼ ጥያቄ መቼ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ነበር ለካ! «ንገሪያት» አለችኝ። «እግሬን የሰበረው እሱ ነው በያት። ታርቀናልም በያት። ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ዳቦ ቆርሰን። ከእኔ የበለጠ እሱን የሚጠብቅ ሰው የለም በያት።»

እኔም ደረቴን ነፍቼ አስተረጎምኩ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያመጣችውን ወረቀት ከኋላ ጀምራ አገላብጣ አነበበች። ከዚያ ዳኛው ፍርዱን ሲሰጡ ያስቀመጡትን አንድ ግዴታ ነገረችን፤ ሀቢሶ ጉዳት ከደረሰባት ተሳፋሪ ጋር በአካልም ሆነ በስልክ፣ በምንም መንገድ እንዳይገናኝ። ተጎጂዋን ለመጠበቅ ነው። ሀቢሶ ይኼን ያውቅ ነበር። ግን ሽማግሌ ለእርቅ ሲጠራው «ተከልክያለሁ» ብሎ መቅረት እንዴት ይሆንለታል?

«ታርቀናል ነው ያላችሁኝ» አለች ልጅቷ። «እንዴት?»

«በስልክ።»

«ድምፅ ብቻ?»

«በቪዲዮ ነዋ!» አለች ኤርጎጌ፣ አሁንም አልገባትም። «ሳይተያዩ እርቅ አለ እንዴ?»

ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ሥራዋ ሥራዋ ነው። ተጎጂ ፍርደኛውን በቤቷ ተቀባይ ልትሆን አትችልም፤ ይባስ ብሎም ልጁ ግዴታውን ጥሷል፣ ይኼን ሰምታ ዝም ልትል አትችልም። ለፍርድ ቤቱ ታሳውቃለች። ዳኛው ክትትሉን ሰርዘው እስር ቤት ሊያስገቡት ይችላሉ።

መኪናዋ ስትሄድ ኤርጎጌ ደጁ ላይ ክራንቿን ተደግፋ ቆመች። መጀመሪያ ተቆጣች። «የእኔን ጠላት ማን ነው የሚመርጥልኝ?» አለች። «እግሩ የማን ነው? ለእኔ ብለው ከሆነ እኔን ለምን አይጠይቁኝም?» ከዚያ ቁጣው ወረደላትና እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ሰርኬ፣ ላወጣው ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» ዱባለን ስንቀብር እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም።

የሀቢሶ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲደርስ ኤርጎጌ «እሄዳለሁ» አለች። መጥሪያ የደረሰው ለሱ ነው፣ እሷን ማንም አልጠራትም። ሐኪሙ ረጅም መንገድ አትሂጂ ብሏታል። ጋሽ ማናሴም «እኛ ደብዳቤ እንጻፍ፣ አንቺ ቅሪ» አሏት። አልሰማቻቸውም። አውቶቡስ ላይ ሁለት ወንበር ቆርጠን እግሯን ዘርግታ ሄደች። መኪናዋ የተገለበጠችበት መታጠፊያ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ፍርሃቷን ያሳየችኝ በዚያች ብቻ ነው፣ ያውም አጥንቴ እስኪንቋቋ።

ፍርድ ቤቱ ትንሽ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ለኮሮናው ተከፍቶ ነፋሱ ይገርፈናል። ሀቢሶን ሳየው ደነገጥኩ። ሸሚዙ ከሰውነቱ ጋር አልገናኝ ብሏል። እሱ እኛን አየና ወዲያው አንገቱን ደፋ። የተመደበው አስተርጓሚ በኮሮና ተይዞ ቀርቶ ስለነበር ዳኛው ሲቸግራቸው እኔን አስማሉኝ። እኔ የኮልፌዋ ሰርክአዲስ፣ ምላ ፍርድ ቤት የቆመች አስተርጓሚ! እናቴ ብታየኝ እልል ትል ነበር።

ዳኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ነጭ ጺማቸው ከጭንብላቸው ሥር ወጥቷል። «ይቺ ሴት አልተጠራችም፤ ግን ከጆሃንስበርግ ድረስ ከመጣች እሰማታለሁ» አሉ። መጀመሪያ የጠየቁት አስገድደውሽ ነው ወይ የሚል ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተጭነዋት፣ ወይ ዘመዶቹ አስፈራርተዋት እንዳይሆን ነው። ጥያቄውን ወደ አማርኛ ልመልስ አፌን ስከፍት ኤርጎጌ እጇን አነሳችብኝ። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ከዚያ ቀጥታ ለዳኛው በዙሉኛ መናገር ጀመረች።

የእዚያ ሀገር ሰው ኮሳ ነው፤ ቋንቋቸው ከዙሉኛ ጋር ወንድማማች ነውና ሰውየው ያለ እኔ ሰሟት። የሱቅ መስኮት ዙሉኛዋ ተሰባብሮ፣ ሰዋስዉ ተገልብጦ፣ ግን ወለም ዘለም ሳይል ወጣ። ትንሽ ትንሽ ስለምሰማ ያለችውን ልንገራችሁ። «ባባ፣ እኔን ለመጠበቅ ብለው ያንን ደንብ ስላወጡ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ያኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ በየቀኑ ለማላውቀው ሰው መስኮት የምከፍት ሴት ነኝ። ሽጉጥ የያዘ መጥቶብኛል፣ ቢላ የያዘ መጥቶብኛል። የምፈራውን ሰው ለይቼ አውቃለሁ። ይኼን ልጅ አልፈራውም።»

«መጀመሪያ የደወለው ማን ነው?» አሉ ዳኛው።

«እኛ ነን። ሽማግሌ ነው የጠራው። ባባ፣ እርስዎን ሽማግሌ ቢጠራዎት አልመጣም ይላሉ?»

የዳኛው ዓይን ሲስቅ አየሁ። ዓቃቤ ሕጉ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ውስጤ ዘለለ። አለቀ፣ ወሰድነው ብዬ ክራንቿን ማስተካከል ጀምሬ ነበር።

ዳኛው ወደ ሀቢሶ ዞሩ። «ይቺ ሴት ቤት ሄደህ፣ በጋውቴንግ ቢሮ ክትትል ሥር ሆነህ ቅጣትህን ልትጨርስ ፈቃደኛ ነህ?» አስተረጎምኩለት።

ራሱን ነቀነቀ። ደግሜ ጠየቅሁት።

«አልሄድም» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። «ምን አልክ?»

«እስር ቤት ይሻለኛል።» ድምፁ ከጭንብሉ ሥር ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። «እሷ ቤት ገብቼ ያንን እግር ጠዋት ጠዋት ማየት አልችልም። በያቸው። ያስገቡኝ።»

ደሜ ፈላ! ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ፣ ሕዝብ ፊት ተዋርዳ፣ ይኼ ልጅ...! ግን ምያለሁ፣ ያለውን ማለት አለብኝ። ለዳኛው ነገርኳቸው። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ኤርጎጌ ሳይፈቀድላት ተነሳች። ክራንቿ ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ፣ አላነሳችውም። ወንበሩን ይዛ ቆመች። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ ዳኛው በእጃቸው አቆሙት።

«ሀቢሶ» አለችው፣ በአማርኛ። ቁጣ የለበትም። «እኔ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ታዲያ ብቻዬን ልየው?»

ሀቢሶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ምን አለችው?» አሉኝ ዳኛው።

በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛም አጭር ነው። እኔ ሰርክአዲስ፣ ቃል አጥቼ የማላውቀው፣ ያችን ትንሽ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ አቋረጥኩ። ከኩራት ብዛት ነው። ይቺ ሴት ጓደኛዬ ናት ብዬ ለዳኛውም፣ ለፖሊሱም፣ ነፋሱ ለሚያንገላታው መጋረጃም መንገር አማረኝ።

«እሺ፣ እትዬ» የሚል ድምፅ ከጣቶቹ መካከል ወጣ።

«ለፍርድ ቤቱ መልስ» አልኩት፣ ተቆጥቼ።

ቀና አለ። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ።

ዳኛው ለጣሰው ግዴታ በማስጠንቀቂያ አለፉት፤ እንዳይገናኝ የሚለውንም አነሱለት። ይዛወር አሉ። በመጨረሻ ለኤርጎጌ አንድ ነገር በራሳቸው ቋንቋ ነገሯት፤ እሷም እጅ ነሳች። ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ ልትነግረኝ አልፈለገችም።

ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ቆይቶ ሀቢሶ የመጣው የገና ሰሞን ነው። ያቺ የክትትል ሠራተኛ ራሷ ተቀበለችው፤ ክፍሉን አሳየችው፣ ደንቡን አነበበችለት፣ ስትወጣም ከኤርጎጌ ሱቅ ዳቦ ገዝታ ሄደች። ጫማቸውን ሲያዩ የነበሩት ሰዎች ያን ዕለት መጥተው ቤቱን ሞሉት። ኤርጎጌ ሁሉንም ተቀበለች። እኔ ብሆን ደጁን ነበር የምዘጋው።

እኔም እዚያው አደርኩ። ጠዋት ስነቃ ኤርጎጌ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ፣ ስትራመድ እግሯን የሚደግፍላትን ባለ ማሰሪያ ብረት አጠገቧ አስቀምጣለች። ቆዳው ተጨማትሮ፣ አጥንቱ ጎብጦ የሚታየው ያ እግር ነው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታዋለች። «ሀቢሶ!» ብላ ተጣራች። መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ አልነቅል አለ። ሁለተኛ አልጠራችውም። ማሰሪያውን ወደሱ ዘርግታ ጠበቀችው።

ገባ፤ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ከዚያ ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አንስቶ ያን እግር አየው። ብዙ አየው። ብረቱን አንስቶ ማሰሪያውን በቀስታ ማጥበቅ ጀመረ።

«ጠበቅ አድርገው» አለችው ኤርጎጌ። «ዛሬ ብዙ ዳቦ ነው የሚመጣው።»